ፈቃዱ የማን ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አእምሮ ሕመምተኞች ከደነገጋቸው አንቀጾች አንዱ፣ ቁጥር 342፣ የተጻፈው ለገጠሩ ነው። ከሁለት ሺህ ያነሰ ሰው በሚኖርበት ቀበሌ አንድን ሰው በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት የሚጠብቁት ከሆነ፣ በዚሁም ሰበብ እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ ካደረጉት፣ እብደቱ የታወቀ ሆኖ ይቆጠራል። ከእሱ በፊት ያለው ቁጥር 341 ለዚህ ግምት የሚጠይቀው ሆስፒታል ወይም መሰል ተቋም ውስጥ መተኛትን ነው። ለትንሿ ቀበሌ ግን ሐኪም አልተጠቀሰም። የዘመድ ጥበቃ ብቻውን ይበቃል።

የሕጉ አሳብ ክፉ አልነበረም። የታመመ ሰው በሬውን በርካሽ ቢሸጥ፣ ባልገባው ውል ላይ አውራ ጣቱን ቢያሳርፍ፣ ውሉ የሚፈርስበትን መንገድ መክፈት ፈልጎ ነው። በዚያ ዘመን ከበየዳ ወይም ከጃናሞራ ተነሥቶ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መድረስ ለአብዛኛው ደገኛ የማይታሰብ ነበር፤ ሕግ አውጪው የሚያገኘው ምስክር ቤተሰብና ጎረቤት ብቻ ነበር። ሆኖም ነገሩ ክብ ይሠራል። ሰውየው የታሰረው ስላበደ ነው፤ ማበዱ የታወቀው ደግሞ ስለታሰረ ነው። በዚህ ክብ ውስጥ ምን እንደሚያውቅ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ የትኛውን ነገር መለየት እንዳቃተውና የትኛውን አጥርቶ እንደሚለይ የጠየቀው ሰው የለም።

ይኸው ሕግ በሌላ ገጹ ሌላ ነገር ይላል። በቁጥር 192 ማንኛውም ሰው ሕግ ችሎታ የለውም ካላለው በቀር የሲቪል ኑሮን ተግባራት ሁሉ ለመፈጸም ችሎታ አለው። በቁጥር 20 ደግሞ ማንም ሰው የሐኪም ምርመራን ወይም ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት ይችላል። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 299/2006ም የበሽተኛው ፈቃድ ሳይገኝ ሕክምና እንዳይሰጥ አዟል። ቁጥር 342 የሚናገረው ስለ ውል እንጂ ስለ ሕክምና አይደለም። ነገር ግን ያ አስተሳሰብ፣ የታወቀ በሽተኛ አይጠየቅም የሚለው፣ ሕጉ ሳይጻፍም በፊት በሰዉ ዘንድ ነበረ፤ ከቀበሌው ተነሥቶም እስከ ሆስፒታሉ አልጋ ድረስ ይከተላል።

ጎንደር ላይ ይህን ጥያቄ ማንሣት ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ። በደንቢያ ብዙ ሰው የፈጀውን የወባ ወረርሽኝ ተከትሎ በ1954 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲና ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል ሆኗል። ከስሜን ተራሮች ጥግ፣ ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከወገራ፣ ከመተማ ቆላ ሰው በቃሬዛም በአምቡላንስም ይመጣበታል። የመወሰን ችሎታ ጉዳይ የሚነሣው በአእምሮ ሕክምና ክፍል ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ግን ወባ ጭንቅላቱ ላይ የወጣበት ወጣት፣ ስኳሯ ወርዶ የምትቀባዥር እናት፣ ከቀዶ ጥገና በነቃ ማግሥት ሐኪሙን እንደ ሌባ የሚያየው ገበሬ፣ አረቄ በድንገት አቁሞ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ በየዋርዱ አሉ። ጥያቄውም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ተረኛ ሐኪም ብዙ ሰው ሲጠብቀው።

ሐኪሞች ይህን ችሎታ ሲመዝኑ የሚፈልጉት አራት ነገር ነው። በሽተኛው የተነገረውን ተረድቷል ወይ? ነገሩ የደረሰው በራሱ ላይ መሆኑን ተቀብሏል ወይ? አንዱን ከሌላው አመዛዝኖ ምክንያት ይሰጣል ወይ? የመረጠውን በቃልም ይሁን በምልክት ያስታውቃል ወይ? አሜሪካውያኑ ቶማስ ግሪሶና ፖል አፕልባም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እነዚህን አራት ነጥቦች በቃለ መጠይቅ የሚመዘኑ አድርገዋቸዋል። እንግሊዝ በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የአእምሮ ችሎታ ሕግ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ጨመረበት፤ የሰው ውሳኔ ሞኝነት መስሎ መታየቱ ብቻውን ችሎታ ማጣቱን አያሳይም። ሚዛኑ የሚነሣውም ለአንድ ውሳኔና ለአንድ ሰዓት ነው። ስለ መሬቱ ኪራይ ማመዛዘን ያቃተው ሰው ክኒን መዋጥ ይፈልግ እንደሆነ በሚገባ ሊያውቅ ይችላል፤ ማለዳ የጠፋውም አእምሮ ለማታ ሊመለስ ይችላል።

ለምሳሌ ያህል ከጃናሞራ የመጡ፣ በስኳር በሽታ እግራቸው የጠቆረ አንድ አዛውንት እናስብ። ሐኪሙ እግሩ ካልተቆረጠ መርዙ ወደ ደም ይገባል፣ ሕይወትዎም ያልፋል ይላቸዋል። አዛውንቱ፣ «ከነእግሬ ቅበሩኝ» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ልጃቸው ሐኪሙን ጥግ ይዞ፣ «ዶክተር፣ አባባ ልባቸውን ስተዋል፤ ወረቀቱን ያምጡት፣ እኔ ልፈርም» ይለዋል። አሁን ነገሩን እንገልብጠው። አዛውንቱ ያንኑ ቃል ሰምተው፣ ያው ትኩሳት እየነደዳቸው፣ «እሺ ቁረጡት» ቢሉስ? ማንም ልባቸውን አይጠራጠርም። ወረቀቱ ይመጣል፣ ጣታቸው ቀለም ይነካል፣ ቀዶ ጥገናው ይቀጥላል።

ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። የበሽተኛ አእምሮ የሚጠረጠረው እምቢ ሲል ብቻ ነው። እሺ ያለው አይመረመርም፤ እሺታው ምንም ሳይገባው የተሰጠ ቢሆንም። ይህ ከሆነ የሚመዘነው የሰውየው ችሎታ ሳይሆን ታዛዥነቱ ነው።

የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በ1993 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጥያቄ ላይ የሰጠው ብይን ዛሬም ይጠቀሳል። ሰውየው የ68 ዓመት ሽማግሌ ነው፤ በብሮድሙር የአእምሮ ሆስፒታል የተዘጋበት፣ ስኪዞፍሬኒያ ያለበት፣ ራሱን በዓለም የታወቀ ሐኪም አድርጎ የሚያምን። እግሩ ጋንግሪን ያዘው። ሐኪሞቹ ሳይቆረጥ የመዳን ዕድሉ ከመቶ 15 ገደማ ነው አሉ። እሱ ግን እምቢ አለ። ዳኛው ቶርፕ ሰውየው በአእምሮው የታመመ ቢሆንም ስለ እግሩ የተነገረውን እንደተረዳ፣ እንዳመነና እንዳመዛዘነ ስላዩ ፈቃዱ እንዲከበር ፈረዱ። ሰውየው እግሩ ሳይቆረጥ ተረፈ። መትረፉ ብይኑን ትክክል አላደረገውም፤ ቢሞትም ብይኑ ትክክል ይሆን ነበር። ታሪኩ የሚያሳየው ግን በአንድ ጉዳይ መሳሳት በሁሉም ጉዳይ አለማወቅ እንዳልሆነ ነው።

በጎንደር ደጋ ጥያቄውን የሚያከብደው ሃይማኖት ነው። አዛውንቱ፣ «መድኃኔዓለም ያውቃል፤ ጠበሉ ይሻለኛል» ቢሉ ሐኪሙ ምን ይላል? እምነት ነው ወይስ ነገሩን አለመቀበል? ለዚህ መልስ ለመስጠት የእምነቱን ይዘት መመርመር አይበቃም። በዋልድባ ገዳም መነኮሳት እህል አይቀምሱም፤ ከሙዝ ሥር በሚዘጋጅ ቋርፍ ይኖራሉ። ምግባቸውን ብቻ አይቶ የሚፈርድ እንግዳ ልባቸውን ሊጠራጠር ይችል ይሆናል። ጎንደሬ ግን አይጠራጠርም፤ ምክንያታቸውን ያውቃል፣ ከየት እንደመጣ ያውቃል፣ መርጠውት እንደገቡበትም ያውቃል። ለበሽተኛም መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው። «ሐኪሙ እንደምሞት ነግሮኛል፣ ሰምቼዋለሁ፤ እግሬን አጥቼ ከመኖር ግን በጠበሉ ተጠምቄ የሚመጣውን ብቀበል እመርጣለሁ» የሚል ሰው አመዛዝኗል። «እግሬ ምንም አልሆነ፤ ሐኪሙን የላከው ጠላቴ ነው» የሚል ሰው ግን ገና ነገሩ አልደረሰውም። ሁለቱም የእግዚአብሔርን ስም ሊጠሩ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚያወጣው ቀጣዩ ጥያቄ ነው፤ ያ ጥያቄ ደግሞ ጊዜ ይጠይቃል።

ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለዚህ ነገር ሁለት ታሪክ አላት፤ ሁለቱም ይነበባሉ፣ ይተረጎማሉ። አንደኛው የዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ ስሙን የወሰደበት የመጻጉዕ ታሪክ ነው። ሰውየው በውኃው ዳር የተኛ፣ 38 ዓመት የታመመ ነው። መዳን እንደሚፈልግ ለማንም ግልጽ ይመስላል፤ ጌታ ግን መጀመሪያ ጠየቀው። መልሱ አዎን ወይም አይደለም አልነበረም። ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው። የጠየቀው ይህን አለመመለስ ብሎ አልጣለውም። ብቸኝነቱንና ድካሙን ከመልሱ ውስጥ አውጥቶ ሰማው።

ሁለተኛው በጌርጌሴኖን አገር በመቃብር መካከል የሚኖረው ሰው ነው። በሰንሰለት ቢታሰርም ይበጥሰው ነበር። እሱ ፈቃዱን አልተጠየቀም፤ ቃሉ የተነገረው በውስጡ ላደሩት ነው። ነገር ግን ታሪኩ በመፈወሱ አያበቃም። ሰውየው ልብሱን ለብሶ፣ ልቡናው ተመልሶ ከተቀመጠ በኋላ የራሱን ልመና አቀረበ፤ መከተል ፈለገ። ልመናው አልተፈቀደለትም፤ ወደ ቤቱ ተላከ። ግን ተሰማ፣ መልስም አገኘ። እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ለሚያነብ ሰው አንድ ሥርዓት ይታየዋል። ፈቃዱን መናገር የማይችለው በዚያች ሰዓት ሌላው ይሠራለታል፤ ልቡናው በተመለሰባት ቅጽበት ደግሞ እንደገና የሚናገር ሰው ይሆናል። በአዲስ ዓለም ሠፈር ያሉ የጎንደር ሙስሊሞችም ይህን መንገድ ከራሳቸው ትምህርት ያውቁታል፤ ካበደ ሰው ተጠያቂነት የሚነሣው እስኪሻለው ድረስ ነው፣ ከተኛ ሰው እስኪነቃ ድረስ እንደሚነሣው ሁሉ። በሁለቱም ዘንድ ችሎታ ማጣት ጊዜያዊ ሁኔታ እንጂ የሰውየው መጠሪያ አይደለም።

ስለ ጎንደር ሲነሣ የዛር ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ከዳካር ጅቡቲ የጉዞ ቡድን ጋር ጎንደር ገብቶ ወራት የቆየው በአባ ጀሮም አስተርጓሚነት መልካም አየሁ ከተባሉት የዛር ባለቤትና ከተከታዮቻቸው ጋር ነበር። ኋላም በ1958 እ.ኤ.አ. በጎንደር ሰዎች የዛር ልማድ ላይ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ሥርዓት በታመመችው ሴት አፍ የሚናገረው ሌላ ነው። ይጠየቃል፣ ይለመናል፣ ሽቶ ወይም ልብስ ይፈልጋል፣ ከሥራ እረፍት ይፈልጋል። ዛሬም «የምናገረው እኔ አይደለሁም» የምትል በሽተኛ ሐኪም ፊት ልትቀርብ ትችላለች። ቀላሉ መንገድ ችሎታ የላትም ብሎ መዝጋት ነው። ግን በዛሩ ስም ከተጠየቀው ነገር ውስጥ ሴቲቱ በራሷ ስም ልትጠይቀው ያልደፈረችው ስንቱ ይሆን? የሚናገረውን ድምፅ ሕመም ነው ማለት የሚናገረው ነገር ባዶ ነው ማለት አይደለም። ጥሩ መርማሪ ድምፁ ከማን እንደሆነ ከመፍረዱ በፊት ምን እንደሚል ይሰማል።

ከዚያ ደግሞ ቤተሰቡ አለ። የእንግሊዝና የአሜሪካ መመዘኛዎች ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ሰዎችን ያስባሉ፣ ሐኪምና በሽተኛ። በደጋው ግን ማንም ብቻውን ሐኪም ቤት አይመጣም። አስታማሚው፣ ታላቅ ወንድሙ፣ አንዳንዴም የንስሐ አባቱ አብረው ይገባሉ። ይህን እንደ እንቅፋት ብቻ የሚያዩ አሉ፤ ተሳስተዋል። መጻጉዕን የጎደለው ሰው ነው። የሐኪሙን አማርኛ ወደ ቤት አማርኛ የሚመልስ፣ የተረሳውን የሚያስታውስ፣ ጆሮ ለከዳው ጮክ ብሎ የሚናገር ዘመድ ባለበት ችሎታው ይጨምራል። አደጋው ዘመዱ ማገዙን ትቶ በበሽተኛው ቦታ ሲቀመጥ ነው። ክፉ ዜና እንደ መርዶ ስለሚታይ የሚነገረው በመጀመሪያ ለቤተሰብ ነው። የውብዳር በየነ በ1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ስላሉ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ልማድ ለአሜሪካ ሐኪሞች አስረድተው፣ ከበሽተኛው በፊት ለዘመድ እንዲነገር መክረዋል። ልማዱ የርኅራኄ ነው። ግን ካንሰር እንዳለበት ያልተነገረው ሰው ስለ ካንሰሩ ሊያመዛዝን አይችልም። አእምሮው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሌሎች በዝምታ ችሎታውን ወሰዱበት ማለት ነው። ሴቶች ላይ ደግሞ ይከፋል፤ ምጥ የጠናባት ሴት ነቅታ ቃሏን ልትሰጥ እየቻለች ባሏ ከውጭ ተጠርቶ እስኪፈርም መጠበቅ በብዙ ቦታ ያለ ነገር ነው።

ሰንሰለቱም ከቤተሰብ ተለይቶ አይታይም። ላውራ አሸርና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿ በሶዶ ወረዳ አጥንተው በ2017 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ዘመዶች ለምን እንደሚያስሯቸው ይዘረዝራል። የሚያስሩት እያለቀሱ ነው፤ እንዳይጠፋባቸው፣ ሰው እንዳይጎዳ፣ ሕክምና በሌለበት ሌላ መላ አጥተው። አንዳንዴም ወደ ጤና ተቋም ለመውሰድ። ስለዚህ አሳሪውን ማውገዝ ብቻ የትም አያደርስም። ሕክምናው በቀረበ መጠን ሰንሰለቱ ይላላል፤ ዳባት ወይም ደባርቅ ጤና ጣቢያ ላይ መድኃኒቱ ካለ ብዙ አባት ልጁን ማሰር አያስፈልገውም።

ጠበልና መድኃኒትን ማፋለምም የግድ አይደለም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ከጠበሉ ጋር መድኃኒቱን እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። በአዲስ አበባም የአእምሮ ሐኪሞችና የጠበል አገልጋዮች አብረው የሠሩበት ሁኔታ በዶክተር ዮናስ ባህረጥበብና ባልደረቦቻቸው በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ተገልጿል። ለጎንደር ከዚህ የሚወሰደው ነገር መድኃኒት ማደል ብቻ አይመስልም። አጥማቂዎቹ ከበሽተኛው ጋር ሳምንታትና ወራት ይቆያሉ። ሕመሙ ያዝ ለቀቅ ሲያደርገው ያያሉ፤ ማለዳ ከጥምቀቱ በኋላ ረጋ ብሎ የሚያወራበትን ሰዓት ያውቃሉ። ለአሥር ደቂቃ ብቻ የሚያየው ሐኪም ይህን አያውቅም። መቼ ልጠይቀው የሚለውን ከእነሱ ቢጠይቅ ግምገማው ራሱ ሌላ ይሆናል።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 12 በሕግ ፊት እኩል ችሎታን ለሁሉም ያውጃል። ስምምነቱን የሚከታተለው ኮሚቴ በ2014 እ.ኤ.አ. በሰጠው ማብራሪያ በአእምሮ ችሎታ መመዘኛ ተመሥርቶ የማንንም ሕጋዊ ችሎታ መንፈግ አይገባም፣ በምትኩ ሰው የሚታገዘውና የሚደገፈው ውሳኔውን እንዲወስን ነው አለ። የኮሚቴው አሳብ ክቡር ነው፤ የድጋፍ ግዴታውን ለጎንደር ሆስፒታልም ለደጋው ቤተሰብም ማንበብ ያስፈልጋል። እስከ መጨረሻው ግን አብሮ መሄድ ያስቸግራል። ማጅራት ገትር ይዞት የሚወራጭ ወጣት መርፌውን እየገፋ ሲጮህ ፈቃዱ ይህ ነው ብሎ መተው እሱን ማክበር አይሆንም። ነገ ሲነቃ ለምን ተዋችሁኝ የሚል ሰው አለ። ስለዚህ ሚዛኑ ይቆይ፤ የሚነሣበት መንገድ ግን ይለወጥ።

መንገዱም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ከመጠየቅ በፊት ሊስተካከል የሚችለው ይስተካከል፤ ስኳሩ ይለካ፣ ትኩሳቱ ይብረድ፣ ሕመሙ ይታገሥ። ደንቆሮ የመሰለው ሰው ጆሮው ይታይ። ነገሩ በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ይነገር። ከዚያ «ገባዎት ወይ?» ብሎ ማለፍ አይጠቅምም፤ ደገኛ ለሐኪም አልገባኝም ማለት ነውር ስለሚመስለው አዎ ይላል። ይልቅ፣ «አባቴ፣ አሁን እኔ የነገርኩዎትን ቤት ሲገቡ ለእናታችን ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ቢባል መረዳቱም አለመረዳቱም ከራሳቸው አፍ ይወጣል። አስታማሚው ለጥቂት ደቂቃ ውጭ ይቆይ፤ ከዚያ ይግባና አብሮ ይምከር። ጥያቄው እሺ ላለውም እምቢ ላለውም እኩል ይቅረብ። በካርዱም ላይ «ችሎታ የለውም» የሚል አንድ ቃል ሳይሆን ስለ የትኛው ውሳኔ፣ በስንት ሰዓት ተጠይቆ፣ ምን ብሎ እንደመለሰ ይጻፍ፤ የሚቀጥለው ተረኛ እንደገና እንዲጠይቅ።

በሌላ ሰው መወሰን ግድ ሲሆንስ ማን ይወስን? ከፋዩ ወይም ወራሹ በመሆኑ ብቻ ማንም ቅድሚያ ሊያገኝ አይገባም። በደጋው መሬት ከሁሉ ይበልጣል፤ ታሟል ተብሎ የመሬት ደብተሩ ከእጁ የወጣ ታናሽ ወንድም ታሪክ ለጆሮ አዲስ አይደለም። መጠየቅ ያለበት በሽተኛው ጤነኛ ሳለ ምን ይል እንደነበር የሚያውቅ ሰው ነው። ሚስት ልትሆን ትችላለች፣ የልብ ጓደኛ ሊሆን ይችላል፣ የንስሐ አባት ሊሆን ይችላል።

ሕመሙ ለቀቅ የሚያደርግበት ሰዓት ከነጭራሹ የማይመጣለት ሰውም አለ። ዓመታት አልፈውበት ስለ መድኃኒቱ የሚነገረው ነገር ጨርሶ የማይገባው። ለእሱ ሌላው ይወስንለታል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን በማን እጅ መታጠብ እንደሚወድ፣ በየትኛው ደብር ጠበል መጠመቅ እንደሚፈልግ፣ መርፌው በግራ ክንዱ ይሁን በቀኝ፣ ማታ ማን አጠገቡ እንዲተኛ እንደሚሻ መናገር ወይም ማሳየት ይችላል። እነዚህን የሚጠይቅ ነርስና ወንድም ካለ፣ ትልቁን ውሳኔ ሌላ ሰው ቢወስንለትም የተቀሩት ውሳኔዎች የእሱ ናቸው።